ከቦቴ ወደ ደመና፦ ስለ ኃይል ዋስትና የተጧጧፈው ክር

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው ራሱን መሐንዲስ ብሎ ያስተዋወቀ ወጣት ነው። ርዕሱ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። ጽሑፉ ግን ጥያቄ አይመስልም፤ የድል መግለጫ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ይላል። ከጥር 2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ሁለቱን ደምሮ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ከዓረብ ነዳጅ ልትገላገል ነው። ዓለም በአየር ንብረት ለውጥ ሲጨነቅ እኛ ቀድመን ወጥተናል። የዓረብ ነዳጅ በመርከብ የሚወጣበት የሆርሙዝ ሰርጥ ቢዘጋ፣ ቀይ ባሕር ቢታመስ፣ እኛን ምን አገባን?

መልሱ እንደ ጉድ ወረደበት። ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት ግማሹ ስድብ ይሆናል ብዬ ነበር። ስድብም አልጠፋም። በመሃል ግን ጉዳዩን ከሥሩ የሚያውቁ ሰዎች ገብተዋል፤ ብዙ ስብሰባ ላይ የማይነሳ ነገር አንስተዋል። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

1ኛና 2ኛው መልስ የእንኳን ደስ አለን ነው። እንለፋቸው።

3ኛው የቦቴ ሾፌር ነው። ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ነዳጅ ያመላልሳል። ጨዋ ሰው ነው፤ ወጣቱን ወንድሜ እያለ ነው የሚያርመው። የቤት መኪና በኤሌክትሪክ ሲተካ የሚቀንሰው ቤንዚን ነው አለ። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጭነው ናፍጣ ነው። ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ የአርሲ ኮምባይነር፣ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር፣ ሁሉም የሚጠጣው ናፍጣ ነው። ማዳበሪያው ራሱ ከወደብ የሚመጣው በናፍጣ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ የራሱ ነዳጅ አለው፤ ሶኬት ላይ አይሰካም። ከዚያ ስለ መንገዱ አወራ። ሐምሌ ላይ ዲኪል አካባቢ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሾፌሩ ከቦቴው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ተራ ይጠብቃል፤ ከኋላ ያለው ጎማ ሲፈነዳ ሁሉም ብድግ ይላል። ያ ሁሉ ሰው እዚያ የሚያድረው ናፍጣ ለማምጣት ናፍጣ እያቃጠለ ነው ብሎ ጨረሰ።

4ኛው እሱን ተከትሎ ታሪክ ጨመረ። ነዳጃችን ሁልጊዜ በጅቡቲ አይመጣም ነበር። አሰብ ላይ ሶቪየቶች የሠሩት ማጣሪያ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. ሥራ አቆመ። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ መንገዱ ራሱ ተዘጋ። አገር በአንድ ጊዜ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች። ሰውየው ሊል የፈለገው ነገር ግልጽ ነው፤ ጥገኝነቱ በነዳጁ ብቻ አይደለም፣ ነዳጁ በሚያልፍበት መንገድም ነው። ጥሩ ነጥብ ነው። ማንም ግን አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም 5ኛው መጥቶ ክሩን ወደ ኮንዶሚኒየም ወሰደው።

5ኛው የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ማታ ማታ በመስኮት ኤክስቴንሽን አውርዶ ቻርጅ ያደርግ ነበር። ገመዱ ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን እናት የልብስ ማስጫ እየነካ ተጣሉ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ከለከለው። አሁን በሳምንት ሁለቴ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ሄዶ ይሰለፋል። ከማደያ ሰልፍ አመልጣለሁ ብዬ ሌላ ሰልፍ ገዛሁ ይላል። 6ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው ስለ ገመዱ ውፍረትና ስለ ብሬከሩ ሊያስረዱት ገቡ። አንደኛው በዚያ ቀጭን ገመድ ሌሊቱን ሙሉ መጫን ቤት ያቃጥላል ብሎ በቁጣ ነው የጻፈው። እውነቱን ነው፤ ገመዱ ሲግል ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና ገብቷል ባለበት አገር ይህ ተራ ወሬ አይደለም።

9ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ዳቦ ቤት አላት። ግንቦት 2011ን አስታውሱ አለች። ግልገል ጊቤ ሦስት ላይ ውኃው ወርዶ መላው አገር ፈረቃ ገባ። ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚላከውም ተቋረጠ። እሷ ሊጥ አቡክታ ምድጃ ልትለኩስ ስትል መብራቱ ይሄዳል። ሲመለስ ሊጡ ኮምጥጧል። ያንን ሊጥ መጣል ቀላል አልነበረም፤ ሠራተኛው ደመወዙን ይጠብቃል፣ ደንበኛው ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በር ላይ ቆሟል። ወጣቱን የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ነዳጁ ቢቀር ዝናቡስ? ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው መብራታችን ከውኃ ነው። ክረምቱ ቢቀር ለማን አቤት ይባላል?

ለእኔ ክሩ እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

10ኛው ሉሳካ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ነው። ዛምቢያን አየሁ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤልኒኖ (በፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ) ምክንያት ድርቅ መጣ፤ ፕሬዚዳንት ሂቺሌማ በየካቲት ወር መጨረሻ ብሔራዊ አደጋ ብለው አወጁ። ዛምቢያም እንደኛ መብራቷን በአብዛኛው ከውኃ ነው የምታገኘው። ካሪባ ሐይቅ ወረደ። ግድቡ ብዙ ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ማሽን ተሸክሞ ባዶውን ቆመ ማለት ይቻላል። ሰፈሩ ውስጥ መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ፀጉር ቤቱ ጄኔሬተር አወጣ፣ ስጋ ቤቱ ፍሪጁን ከፍቶ ተወው፣ የከሰል ገበያው ደራ። የመዳብ ማዕድኖቹ ከጎረቤት አገር ኃይል ገዝተው ነው ያለፉት። ካሪባን ከዛምቢያ ጋር የምትጋራው ዚምባብዌም በዚያው ውኃ ተቸገረች። ድርቁ ድንበር አይለይም።

11ኛው ተቆጣ። ሁልጊዜ መጥፎ ምሳሌ የሚፈልግ ጨለምተኛ አለ ብሎ ጀመረ። ዳቦ ቤት ያላትንም አልማራትም። በግድቡ የተዋጣውን ላብ ማጣጣል ነው አለ። ሰውየው የቦንድ ደረሰኙን እስካሁን አስቀምጧል። ንዴቱ ይገባኛል፤ ከመጋቢት 2003 ጀምሮ ከደመወዙ የተቆረጠለት ሰው ስለ ግድቡ ክፉ መስማት አይፈልግም። ግን ማንም ግድቡን አላጣጣለም ነበር። ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ ዝናብ ነው።

12ኛው ሁለቱንም ያረመ ሰው ነው፤ ውኃ ምሕንድስና ያስተምራል። ረጅም ነው የጻፈው፣ ሳይሳደብ። ሕዳሴን ከጊቤ ሦስት ጋር አታወዳድሩ አለ። ዓባይ በሱዳን ድንበር በኩል በአማካይ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይዞ ያልፋል። ግድቡ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውኃ ተቀምጧል ማለት ነው። አንድ ክረምት ቢከፋ ተርባይኖቹ ወዲያው አይቆሙም። ስለዚህ የ2011ዱ ዓይነት ችግር በአንድ መጥፎ ዓመት ብቻ አይመጣም። የሚያሰጋው ድርቁ ተከታትሎ ሲመጣ ነው። የአየር ንብረት ሞዴሎች በዓባይ ተፋሰስ ዝናቡ በአማካይ ይጨምር ይቀንስ በሚለው አይስማሙም። ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል በሚለው ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። አንዱ ዓመት ጎርፍ፣ ቀጣዩ ዓመት ደረቅ።

ከዚያ ነው የተካረረው ነጥብ የመጣው። እዚሁ ሰውዬ ላይ ልቆይ። ግድቡ ኃይል የሚሰጠው ውኃ ሲለቅ ነው አለ። ውኃ አስሮ ኃይል ማመንጨት አይቻልም። ስለዚህ በድርቅ ጊዜ እኛ መብራት ስንፈልግ የምንለቀው ውኃ ለሱዳንና ለግብፅም ይደርሳል። እዚያ ላይ ጥቅማችን አንድ ነው። የሚጋጨው ድርቁ ካለፈ በኋላ ነው። የወረደውን ሐይቅ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። በምን ፍጥነት? የመጀመሪያው ጥሩ ክረምት ለማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የዋሽንግተኑ ድርድር የተሰናከለው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ በተራዘመ ድርቅ ጊዜ ምን ያህል ውኃ ይለቀቅ በሚለው። የአየር ንብረት ለውጥ ያንን ጥያቄ ደጋግሞ ያስነሳዋል እንጂ አይዘጋውም።

እዚህ ላይ ክሩ ተቀጣጠለ። 13ኛው ይህን በአደባባይ ማውራት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው አለ። 14ኛው መልሶ የመምህሩን ብሔር ጠየቀ። 15ኛው ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የዓባይን ውኃ የተከፋፈሉበትን ስምምነት አነሳ፤ 55.5 ቢሊዮን ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ለኢትዮጵያ ምንም። ያ እውነት ነው፤ ግን ለተጠየቀው መልስ አልነበረም። አወያዩ ሁለት መልስ አጠፋ። የቀሩት ቁጥሮች ዘለው ነው የሚታዩት።

17ኛው ከእስራኤል ነው የጻፈው። ግብፅን ስናስብ ውኃ ብቻ ነው የሚታየን አለ። የግብፅ መብራት ግን ከአባይ አይደለም። አስዋን 2,100 ሜጋ ዋት ነው፤ ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ትንሽ ነገር ነው። አብዛኛው ከጋዝ ነው። ከጋዙ ደግሞ የተወሰነው የሚመጣው ከእስራኤል የባሕር ጉድጓዶች ነው። በመስከረም 2016 መጨረሻ የጋዛ ጦርነት ሲነሳ ታማር የሚባለው መስክ ለጊዜው ተዘጋ። በሰኔ 2017 ከኢራን ጋር ሲታኮሱ ሌላው መስክ ሌቪያታን ተዘጋና የግብፅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ሰላም ፈርመውም፣ በአደባባይ እየተወቃቀሱም፣ በአንድ ቧንቧ ታስረዋል። 18ኛው እስራኤልን ምን አመጣት ብሎ ሌላ ጭቅጭቅ ሊከፍት ሞከረ። አልተሳካለትም።

19ኛዋ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ጀርመን ከዩክሬኑ ጦርነት በፊት ከውጭ ከምታስገባው ጋዝ ከግማሽ በላይ ከሩሲያ ነበር። ርካሽ ነበርና ማንም አልተጨነቀም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቧንቧው ሲደርቅ ቢሮዋን ከ19 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ተከለከለ። ጃኬት ለብሳ፣ ጣቷን ሻይ ኩባያ ላይ እያሞቀች ፋይል ትጽፍ ነበር። ዊልሄልምስሃፈን ላይ ፈሳሽ ጋዝ ማራገፊያ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ሠርተው ታኅሣሥ ላይ ከፈቱ። አረንጓዴ ነን የሚሉት ሰዎች የተዘጋውን የድንጋይ ከሰል ጣቢያ መልሰው ቀሰቀሱ። ትምህርቱ አንድ ሻጭ ላይ አለመንጠልጠል ነው ትላለች። ትሕትና ባለው አማርኛ ነው የጻፈችው።

20ኛው ግን አልማራትም። ጀርመን ገንዘብ ስላላት ነው የተረፈችው አለ። ያ ማራገፊያ ላይ የደረሰው ጋዝ ከሰማይ አልወረደም። በዚያ ዓመት ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ጋዝ ሊገዙ ጨረታ ቢያወጡ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ሆነ፤ መርከቦቹም ወደ አውሮፓ ዞሩ። ካራቺ መብራት ጠፋ፣ ዳካ ፋብሪካ ቆመ። ሀብታሙ አገር ዋስትናውን ሲገዛ ድሀው አገር ይከፍላል የሚል ነው ክርክሩ። ድምፁ ሻካራ ነው። ነጥቡ ግን እዚህ ክር ውስጥ ካሉት ሁሉ የዓለም ፖለቲካን በደንብ የያዘ ይመስለኛል። ፍራንክፈርቷ እህታችን ልክ ነህ ብላ በአንድ መስመር መለሰችለት። መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

22ኛው ሰው ሲገባ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። በ1960ዎቹ ሴይቼንቶ ታክሲ ይነዱ የነበሩ አባት ናቸው። ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው። የካቲት 1966ን አነሱ። ዓረቦቹ ከእስራኤል ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያት ነዳጅ ሲከለክሉና ዋጋው ሲሰቀል አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በግማሽ ያህል ጨመረ። ታሪፍ መጨመር ግን አይፈቀድም። ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። እሳቸው ሴይቼንቶዋን ቤት ግቢ አስገብተው ጨርቅ አለበሷት። ከተማው ፀጥ አለ፤ ከዚያ ድንጋይ ተወረወረ፤ አውቶቡስ ተሰባበረ። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። መምህራኑ ተነስተዋል፣ ወታደሩም ተነስቷል። በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ... ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ልጃቸው አባዬ ጃንሆይ የወረዱት መስከረም ላይ ነው፣ ቀጣዩ ዓመት ነው ብሎ ያረማቸው ይመስላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ሁለት መስከረም አለ። አስተያየት ሰጪዎቹ ጋሼ እያሉ፣ አንቱ እያሉ ጥያቄ ጠየቋቸው። አንዱ ስለ ሴይቼንቶዋ ቀለም ብቻ ነበር የጠየቀው። ሰማያዊና ነጭ።

የአባትየውን ነገር ብዙ ሰው እንደ ትዝታ ነው ያነበበው። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። ያን ጊዜ አገሩ በሙሉ የነበረው መኪና በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ የነዳጅ ዋጋ ሲነካ ጤፉም፣ ሽንኩርቱም፣ የትምህርት ቤት ሰርቪሱም አብሮ ይነካል። ስለዚህ ነዳጅን ለመቀነስ መሞከሩ ልክ ነው። መሐንዲሱ ወጣት የተሳሳተው አቅጣጫውን አይደለም። ጉዞው አልቋል ማለቱ ነው።

24ኛው ዱባይ ነው፤ ፉጄራ ወደብ አካባቢ ይሠራል። የክሩን ርዕስ እንደገና አስነሳ። ከዓለም የዕለት ነዳጅ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚያልፈው በሆርሙዝ ነው። ኢሚሬቶች ራሳቸው ነዳጅ ሻጭ ሆነው ሳለ ሆርሙዝን ይፈሩታል። ለዚህ ነው ከሐብሻን እስከ ፉጄራ ቧንቧ የዘረጉት፤ ፉጄራ ከሆርሙዝ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ነዳጁ በዚያ በኩልም ይወጣል። በዚያ ላይ ባራካ ላይ አራት የኑክሌር ማብሊያ ሠሩ፤ ነዳጅ እያላቸው። ሰውየው እንዲህ አለ፤ እነዚህ ሰዎች ያለን ይበቃናል አላሉም፣ ቤታቸውን ሁለት በር ነው ያበጁለት።

ቀጥሎ 25ኛው የቻይናን ጉዳይ አመጣ። ከዓረብ ወጥተን ለቻይና ገባን ማለት ነው አለ። መኪናው ከቻይና፣ ባትሪው ከቻይና፣ የፀሐይ ፓኔሉ ከቻይና። በዓለም ላይ ፓኔል ከሚሠራበት ሂደት በየደረጃው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እዚያ ነው፤ ይህን የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ራሱ አውጥቶታል። 26ኛዋ ጥሩ አድርጋ መለሰችለት። ነዳጅ ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ታቃጥለዋለህ፤ ሻጩ ነገ ቢያኮርፍ ነገውኑ ትቆማለህ። ፓኔል ግን አንዴ ከገዛኸው ሻጩ ቢያኮርፍም ጣሪያህ ላይ ሃያ ዓመት ይሠራል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። 5ኛው፣ ያ ባለ ገመዱ፣ ተመልሶ መጣና መለዋወጫውስ ብሎ አቋረጣት። የፊት መብራቱ ተሰብሮ ሁለት ወር ጠብቋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥገኝነቱ ቀለል ብሏል እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ 27ኛው ልምጣ። በእኔ ግምት የዳቦ ቤቷን ጥያቄ የመለሰው እሱ ነው፤ ያውም ከረፈደ በኋላ፣ ግማሹ ሰው ተሰላችቶ ሲወጣ። ማስተላለፊያ መስመር ላይ የሠራ ሰው ነው። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ግድብ ነው፣ ስለ ሽቦ ማንም አላነሳም አለ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር አለ። 500 ኪሎ ቮልት ነው፤ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ኬንያ በኅዳር 2015 መግዛት ስትጀምር የተስማማችው ለ200 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ ሰዎች የሚያዩት እኛ ስንሸጥ ብቻ ነው። መስመሩ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እኛ ስንቸገር ከዚያም ይመጣል።

ለምን ይህ ዋጋ እንዳለው ሲያስረዳ ነው ደስ ያለኝ። ኤልኒኖ ሲመጣ የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ይዳከማል። የ2007ቱን ክረምት ያየ ያውቀዋል። በዚያው ኤልኒኖ ግን ኬንያና ሶማሌ ክልል ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ዝናብ ይበዛል፤ ጎርፍ እስኪሆን። የኤልኒኖ ተቃራኒው ላኒና ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ስንደርቅ እነሱ ይረጥባሉ፣ እነሱ ሲደርቁ እኛ እንረጥባለን፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ። በዚያ ላይ የኬንያ መብራት ትልቁ ክፍል ከኦልካሪያ የምድር እንፋሎት ነው፤ እሱ ዝናብ አይጠብቅም። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ደግሞ 310 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል አላቸው። የሁለቱ አገር ድርቅ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ኃይላቸውም ከአንድ ምንጭ አይደለም። አብረው ቢታሰሩ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስንት ሰው ያውቀዋል?

የኃይል ዋስትና ማለት የራስህ ግድብ ብቻ አይደለም። ግድብህ ሲጎድል የምትበደርበት ጎረቤት፣ መበደሪያውም ሽቦ ቀድሞ መዘርጋቱ ነው። ኤምባሲ፣ ውል፣ የክፍያ ምንዛሪ፣ ሁሉም አብሮት ይመጣል። ኬንያ ክፍያ ብታዘገይ ወይም እኛ በድርቅ ጊዜ ውሉን ብናቋርጥ ሽቦው ብረት ሆኖ ይቀራል። በ2011 ለሱዳንና ለጅቡቲ የላክነውን ስናቋርጥ እነሱ ምን እንዳሰቡ አስቡት። ጅቡቲ ነዳጃችን በእጇ የሚያልፍ አገር ናት። እኛ መብራት እናቋርጥባታለን፣ ቦቴያችን ደግሞ በእሷ ወደብ ተራ ይጠብቃል።

28ኛዋ ተነስታ እናንተ ወንዶች ሜጋ ዋት ብቻ ነው የምታወሩት አለች። ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ያለውም ቢሆን እንጀራ የሚጋግረው በማገዶ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፤ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ይወድቃል። ሜትሩ አጠገብ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መብራት ኃይል እስኪመጣ የምትጠብቀው እናት በየትኛው የኃይል ዋስትና ውስጥ ነች ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። 29ኛው የኮፕ 32 የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ስለሚካሄድ ይህ ሁሉ እዚያ ይነሳል ብሎ ተስፋ ሰጣት። አፍሪካ ከዓለም የካርቦን ልቀት ድርሻዋ ከ4 በመቶ በታች ነው፣ ካሳ ይገባናል አለ። ይገባናል። ለትራንስፎርመሩ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባትም።

ወጣቱ መሐንዲስ 30ኛ ሆኖ ተመለሰ። አልተቆጣም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም አለ። ታንዛኒያ ሩፊጂ ላይ የጁሊየስ ኔሬሬን ግድብ ሠርታለች፤ 2,115 ሜጋ ዋት ነው፣ ኃይል ተርፏታል ይባላል። ታዲያ ለምን ከኢትዮጵያ 100 ሜጋ ዋት ልትገዛ ተስማማች? ለፖለቲካ ነው?

31ኛው ባለ ሽቦው ነው። ለፖለቲካ አይደለም አለ። ሩፊጂ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ኪሊማንጃሮና አሩሻ ሰሜን ናቸው። ያንን ሁሉ ርቀት በአሮጌ መስመር ሲሄድ ኃይሉ በመንገድ ይባክናል፣ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ፕሬዚዳንት ሳሚያ ራሳቸው ይህን ተናግረው ተተችተዋል። የኢትዮጵያው ኃይል ሱስዋ ይደርሳል፣ ከዚያ ከኢሲኒያ እስከ ሲንጊዳ በተዘረጋው 400 ኪሎ ቮልት መስመር ይሻገራል። ኬንያ ለማሳለፊያ ትከፈላለች።

32ኛው ኬንያ ለማሳለፊያ በኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ነው የምትቀበለው ብሎ ጠየቀ። 5ኛው ደግሞ የመኪናውን የፊት መብራት ዱባይ የሚሠራው ልጅ ሊልክለት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ዱባዩ ሞዴሉን ላክልኝ አለው።